ሃያ ሦስተኛው ቦታ

ሰው ከሰው የት እንደሚገናኝ አይታወቅም። ጋሽ ምሰሶና ጠያቂዋ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተገናኙት በአንድ የዓይን ክሊኒክ መተላለፊያ፣ ፕላስቲኩ በተሰነጠቀ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እሳቸው የያዙት ተራ ቁጥር አርባ አንድ ነበር። ከመዝገብ ክፍሉ መስኮት በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ገና ሃያ ስድስት ይላል። እሷ አማቷን ለመነጽር ልኬት አምጥታ፣ አሮጊቷ ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሁለቱንም ቦርሳ ታቅፋ መቀመጫ ትፈልግ ነበር።

ሁለቱም የቢሮ ቅጽል ስሞች ናቸው። ጋሽ ምሰሶ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉን ፕሮግራም ብቻቸውን ጽፈው፣ ብቻቸውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ተሸከሙት "ምሰሶ" ተባሉ። ስሙ መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ለምስጋና ነበር፤ አሁን አሁን ግን ፍርድ ፍርድ ይሸታል። ጠያቂዋ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣች በሥራቸው ሁለት ዓመት ሠርታለች። በቀን ሃያ ጊዜ "ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?" እያለች ብታሰለቻቸው ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ! እርስዎ ነዎት?"

ጋሽ ምሰሶ አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ አዞሩ። በግራ በኩል የመጣ ሰው ካልዞሩለት አይታያቸውም።

"አንቺ ጠያቂዋ! በይ ነይ ተቀመጪ። እዚህ ደግሞ ማንን ልታደርቂ መጣሽ?"

"አማቴን ይዤ ነው። እርስዎስ? አመመዎት እንዴ?"

"ኧረ ምንም አልሆንኩ። ቀጠሮ ላስተላልፍ ነው።"

"የምን ቀጠሮ?"

"ይኸው ጀመረች!" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። "የዓይን ግፊት ነው፤ ግላኮማ ይሉታል። ግራው ዳር ዳሩ ጠፍቷል። ሐኪሟ 'የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በቀዶ ጥገና እናተርፈዋለን' ብላ ለዛሬ አሥራ ስምንት ቀን ቀጥራኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ያስተላልፉታል?"

"ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ስክሪን ማየት የለም፣ ማጎንበስ የለም። አራት ሳምንት እኮ ነው ልጄ! ፕሮግራሙን ማን ይይዘዋል?"

"ስንት ጊዜ አስተላለፉ እስካሁን?"

"ይሄ ሦስተኛው ነው።"

ጠያቂዋ ሁለቱን ቦርሳዎች እግሯ ሥር አስቀመጠች። የሚቸኩል ሰው አቀማመጥ አልነበረም።

"አሁንም ያው አንዱ ፋይል ነው?"

"ያው ነው። አሥራ አንድ ሺህ መስመር ደርሷል።"

በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት ድካም አለ። የተሸካሚ ድካም ሸክሙ ሲወርድ ይለቃል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው ድካም ግን ማውረጃ የለውም፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። ጋሽ ምሰሶ በዚህ ድካም ውስጥ ከመኖራቸው ብዛት ስሙን ረስተው፣ "ኃላፊነት" ይሉት ነበር።

"ባለፈው ወር የደረሰብንን ሰምተሻል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አልሰማሁም።"

"አምቡላንስ ብቻ ሳለ ሰላም ነበር። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሎቹ መጡ፤ ከዚያ በሽተኛ የሚያመላልሱት ሚኒባሶች። አዲስ ዓይነት ተሽከርካሪ በመጣ ቁጥር 'አምቡላንስ ከሆነ ይህን አድርግ፤ ሞተር ከሆነ ያን አድርግ' በሚለው ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ።"

"ስንት ቦታ ላይ?"

"ሃያ ሦስት ቦታ። ሁሉንም በቃሌ ነው የማውቃቸው።" ይህን ሲሉ ትንሽ ቀና አሉ። "ዘንድሮ ደግሞ ለጠባብ መንደሮች ተብሎ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎቹ መጡ።"

"ጨመሩላቸው?"

"ሃያ ሁለት ቦታ ላይ ጨመርኩ።"

 ከዚያ የቀረውን ተረኩላት። የተረሳው ሃያ ሦስተኛው ቦታ፣ ተሽከርካሪ ከጉዞ ሲመለስ "ነፃ ነው" ተብሎ የሚመዘገብበት ነበር። ባለሦስት እግሯ የመጀመሪያ ጉዞዋን ጨርሳ ተመልሳ ግቢ ቆማለች፤ ለፕሮግራሙ ግን ገና መንገድ ላይ ናት። ሾፌሩ መስታወት እየወለወለ ጥሪ ይጠብቃል፤ ጥሪ አይመጣም። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ በማይገባበት ሰፈር ሃምሳ ደቂቃ ጠብቃ፣ በጎረቤቶቿ እጅ ደረጃ ላይ ወለደች።

"ደህና ናቸው?"

"ሁለቱም ደህና ናቸው። ልጁ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው አሉኝ። ግን ደረጃ ላይ ነው የተወለደው።" መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። "ያን ቀን እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ ለምርመራ ብሌን የሚከፍት ጠብታ አድርገውልኝ። ሲደወልልኝ ጠብታው ዓይኔ ውስጥ እንዳለ ሄድኩ። ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆነብኝ። ስልክ ተቀባይዋ አጠገቤ ተቀምጣ መስመር በመስመር እያነበበችልኝ በሁለት ሰዓት ውስጥ አገኘሁት። አየሽ? እኔ ባልኖር ማን ያገኘው ነበር?"

"ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነው የምጠይቅዎት። ያ መስመር ሃያ ሦስት ቦታ ባይሆን ማን ይረሳው ነበር?"

"እንግዲህ መጣች!" አሉ፣ እንደ መቆጣትም እንደ መሳቅም ብለው። "ያን ፕሮግራምን በየሳጥኑ የመክፈል ትምህርታችሁን ልታስተምሪኝ ነው። ሰምቼዋለሁ፤ አንብቤዋለሁም። ለሁለት መስመር ሥራ ሃያ ሳጥን የሚሠራ ትውልድ! የእኔ ፋይል ከላይ እስከ ታች ይነበባል። የአንዳንዶቻችሁ ሥራ ግን አንዱን በር ሲከፍቱት ሌላ በር፣ እሱን ሲከፍቱት ሌላ በር፤ ሰው የሚባል ውስጡ የለም።"

"እውነትዎን ነው፤ አይቻለሁ። ራሴም ሠርቻለሁ" አለች ጠያቂዋ። "ግን መጥፎ ግንበኛ አለ ተብሎ ሜዳ ላይ አይታደርም።"

ጋሽ ምሰሶ ሰሌዳውን አዩ። ሠላሳ ሦስት ይላል።

"እስቲ ያችን መስኮት ይዩ" አለች በአገጯ እያመለከተች። መድኃኒት ቤቱ ነው፤ አንድ ሰው ወረቀቱን በመስኮቱ ሰጥቶ ቆሟል። "ሰውዬው ለምን ራሱ ገብቶ መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አያነሳም?"

"እንዴት ተደርጎ! የቀረውንና ያለቀውን ማን ያውቀዋል ታዲያ?"

"በእርስዎ ፕሮግራም ውስጥ የተሽከርካሪዎቹ ሁኔታ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ የሚችለው ማን ነው?"

"ሁሉም ክፍል ይጽፍበታል።"

"መደርደሪያው ለመንገደኛው ሁሉ ክፍት ነው ማለት ነዋ። እኔ የምልዎት፣ ተሽከርካሪው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ራሱ ይያዝ። ውጭ ያለው በመስኮት ይጠይቅ፦ 'ነፃ ነህ?'፣ 'ውጣ'፣ 'ተመለስ'። ከእነዚህ ሌላ የሚገባበት በር አይኑር። ያን ጊዜ 'ነፃ ነው' የሚለውን ማን እንዳበላሸው ለማወቅ አሥራ አንድ ሺህ መስመር አያስነብብዎትም፤ አንድ ቤት ብቻ ገብተው ያያሉ።"

"እሺ፣ ለተሽከርካሪ መስኮት ሠራሁለት እንበል። ስልሳ ተሽከርካሪ ነው ያለን። ስልሳ ጊዜ ልጻፈው?"

ጠያቂዋ ከአማቷ ቦርሳ ሁለት ካርድ አወጣች። አንደኛው የአሮጊቷ የሕክምና ካርድ ነው፤ ሌላው ለእድሳት የተሰጣቸው ገና ያልተጻፈበት ባዶ ካርድ ነው።

"ይሄ ባዶው ክላስ ይባላል፤ ንድፉ ነው። ስም እዚህ፣ ዕድሜ እዚህ፣ የዓይን ልኬት እዚህ ይላል እንጂ የማንም አይደለም። ይሄኛው የተሞላው ኦብጀክት ነው፤ የአማቴ ብቻ ነው። ንድፉ አንድ ጊዜ ይታተማል፤ ስልሳ ሰው ቢመጣ ስልሳ ካርድ ይሞላል። የአንዱ ልኬት ቢለወጥ የሌላው አይነካም።"

"ይሄ ይገባኛል" አሉ ጋሽ ምሰሶ ባዶውን ካርድ ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው። "ግን ተሽከርካሪ ሁሉ አንድ አይደለማ! ሞተሩ አልጋ የለውም። አምቡላንሱ ኦክስጅን ሳይፈተሽ አይወጣም።"

"ለዚህ ነው ውርስ ያለው። 'ተሽከርካሪ' የሚል አንድ ንድፍ ይኖራል፤ ሰሌዳ ቁጥር፣ ሾፌር፣ ያለበት ቦታ፣ መውጣትና መመለስ። አምቡላንሱም ሞተሩም ያን ይወርሱና የራሳቸውን ይጨምራሉ። 'ስትመለስ ነፃ ሁን' የሚለው አባት ንድፍ ላይ አንዴ ከተጻፈ፣ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ሲወለድ ይዞት ይወለዳል። ባለሦስት እግሯ ባልተረሳች ነበር።"

"ውርስ!" አሉ ሽማግሌው። "ውርስ ያላጣላው ቤተሰብ አሳዪኝ እስቲ።"

ጠያቂዋ ሳቀች፤ ሳቋ አጭር ነበር። "ሲበዛ ያጣላል ጋሼ። ቅድመ አያት ድረስ የሚወርሱ አሉ፤ ከዚያ ማን ከማን ምን እንደ ወሰደ የሚያውቅ ይጠፋል። አባትና ልጅ ይበቃል። የማይመሳሰሉትን በግድ ዘመድ ማድረግም ነውር ነው።"

ነርሷ በዚህ መሐል ከምርመራ ክፍሉ ብቅ ብላ፣ በሩ ላይ ለተሰለፉት አራት ሰዎች "ተዘጋጁ!" ብላ ተመለሰች። አንዱ መነጽሩን አወለቀ። አንዷ መስተዋት አውጥታ በዓይኗ ውስጥ ያለውን ሌንስ ማውጣት ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ጠብታቸውን አንጠባጠቡ። አራተኛው ምንም የሚያደርገው ስለሌለ ኮሌታውን አስተካከለ።

"አዩ?" አለች ጠያቂዋ።

"ምኑን?"

"ነርሷ አንድ ቃል ነው የተናገረችው። 'መነጽር ካለህ አውልቅ፤ ሌንስ ካለሽ አውጪ፤ ጠብታ ካለዎት ያድርጉ' እያለች አልዘረዘረችም። እያንዳንዱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ራሱ ያውቃል። የእርስዎ ፕሮግራም ግን እንደዚያች ነርስ ሳይሆን በየበሩ ሃያ ሦስት ጊዜ የሚዘረዝር ነው። 'ውጣ' ይበል ብቻ። አምቡላንሱ ኦክስጅኑን ፈትሾ ይወጣል፤ ሞተሩ ሳይፈትሽ ይወጣል። ነገ ምን እንደሚመጣ አናውቅም፤ የሚመጣው ግን 'ውጣ' ሲባል መውጣት እስከቻለ ድረስ ነርሷ አዲስ ቃል መማር የለባትም።"

ጋሽ ምሰሶ በሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም፤ ካነበቡት ብዙ ዓመት ሆኗል። ሰው ግን የሚያውቀውን ሁሉ አይቀበልም። በእውቀትና በመቀበል መካከል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ እዚያ ላይ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ሳይሆን ፍርሃት ነው።

"ልንገርሽ?" አሉ በመጨረሻ። "ቢሮ ውስጥ ሁለት ባለሙያዎች አሉ፤ አንዷ ለፍላፊ፣ አንዱ ዝምተኛ። ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ፋይሉን አላስነካኋቸውም፤ ሪፖርት ብቻ ነው የማሠራቸው። ያ ሁሉ ተከፋፍሎ ማንም የሚይዘው ቢሆን… እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ዕድሜዬ ስልሳ ሊሞላ ነው።"

"ጋሼ…"

"ቆይ። አስተላልፈዋለሁ አልኩ እንጂ አልታከምም አላልኩም። ይቺን ባለሦስት እግር ነገር ላስተካክልና፣ ይቺን ሥራ ላድርስና…"

ጠያቂዋ የካርዶቹን ጠርዝ አስተካክላ ወደ ቦርሳው መለሰቻቸው። ዚፑን ዘጋች።

"ባለቤቴም እንዲህ ይል ነበር" አለች።

"ይል ነበር?"

"ሦስት ዓመት ሆነው።"

ጋሽ ምሰሶ ሙሉ በሙሉ ዞሩ። አማቷን ይዛ የመጣችው ብቻዋን እንደሆነ ያስተዋሉት ገና አሁን ነው።

"አልሰማሁም ልጄ። ነፍስ ይማር። ምን… ነግረሽው ነበር? ታከም ብለሽው ነበር?"

"ነግሬው ነበር። ግን እየቀለድኩ ነው የነገርኩት፤ እንዳይደነግጥ ብዬ።" የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለች። "እሱ የሞተ ሰሞን ቢሮው ሊዘጋ ነው መስሎኝ ነበር። ሰኞ ተከፈተ። ሥራው አልቆመም፤ እሱ የሚያስፈልገው ለቤቱ እንጂ ለቢሮው አልነበረም። እርስዎን ስለዚህ በቀልድ አልነግርዎትም። ምሰሶ ሆኖ ዓይን ማጣት ቁም ነገር አይደለም። ቤቱ በአንድ እንጨት ከቆመ ደግሞ ጥፋቱ የሠሪው ነው።"

 ሰሌዳው ሠላሳ ስምንት፣ ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ አለ።

"በአሥራ ስምንት ቀን አሥራ አንድ ሺህ መስመር አይለወጥም" አሉ ጋሽ ምሰሶ፣ አሁን ግን ድምፃቸው የክርክር ሳይሆን የሥራ ነበር።

"አይለወጥም። ማን ሁሉን ንኩ አለዎት? ተሽከርካሪውን ብቻ ያውጡት። ሃያ ሦስቱን ቦታ በቃልዎ ያውቁ የለ? ያ እውቀት አይባክንም፤ አሁን ነው የሚያስፈልገው። እርስዎ ቦታውን እየጠሩ ይንገሩ፣ ሁለቱ ባለሙያዎችዎ ይጻፉ። አንዱን ቦታ ቀይሮ መሞከር፣ ከዚያ ቀጣዩን። የቀረው ፋይል እንዳለ ይቆይ፤ ሌላ ዓመት ይደርሳል።"

"እነሱ ይጻፉ? እጄን አጣምሬ?"

"ዓይንዎን እያሳረፉ።"

"አርባ አንድ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ጋሽ ምሰሶ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ጸሐፊዋ ካርዳቸውን ከፍታ፣ "እ… እርስዎ እንኳ ያስተላልፋሉ። ለመቼ ላድርግልዎት?" አለች፤ እስኪርቢቶዋን አዘጋጅታ ነበር።

"አላስተላልፍም" አሉ። "አለመተላለፉን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት።"

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻቸውና የጻፈችው ነገር ባይኖርም ካርዱን መልሳ ዘጋችው።

የቀጠሉት አሥራ ሰባት ቀናት ቀላል ነበሩ ቢባል ውሸት ይሆናል። ጋሽ ምሰሶ በመጀመሪያው ቀን ለፍላፊዋን ሁለቴ ተቆጥተው አንዴ ይቅርታ ጠየቁ። ዝምተኛው በአራተኛው ቀን ሚኒባሶቹን ሁሉ በቀትር "ወጥተዋል" አሰኛቸው፤ ነገር ግን ስህተቱ ያለው በአንዲት ገጽ ውስጥ ስለነበረ በሩብ ሰዓት አገኘው። ጋሽ ምሰሶ ከወንበራቸው ሆነው "ቁጥር አሥራ አራት፤ ከርቀት ስሌቱ በታች" እያሉ ይጠራሉ፤ ሁለቱ ያወጣሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይሰርዛሉ። ሃያ ሦስተኛው ቦታ ሲሰረዝ ማንም አላጨበጨበም። ደክሟቸው ነበር።

ቀዶ ጥገናው በቀኑ ተደረገ። ጋሽ ምሰሶ ዓይናቸው ታሽጎ ቤታቸው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ስልኩን ከአልጋው አጠገብ አድርገውላቸዋል፤ ስልኩ ግን አይጮኽም። አንድ ሳምንት አለፈ። በአሥረኛው ቀን ሰውዬው አላስቻላቸውም፤ ራሳቸው ደወሉ።

"ጋሼ! ደህና ነዎት? ዓይንዎስ?" አለች ስልክ ተቀባይዋ።

"ደህና ነኝ። ምን ተበላሸ?"

"ምንም። ባለፈው ረቡዕ ደም ብቻ የምታመላልስ መኪና መጣችልን። ዝምተኛው ከሰዓት በኋላውን አስገባት።"

"አስገባት? የት የት ነካ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ አንድ ገጽ ጻፍኩ ሲል ሰማሁት። ውይ፣ ይቅርታ፣ ጥሪ ገባብኝ!" ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ ምሰሶ ዝም ያለውን ስልክ ይዘው ቆዩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደዋዩ እሳቸው ሆነው፣ ሥራ የበዛበት ሌላው ሲሆን የመጀመሪያቸው ነበር።

"ምነው? ምን አሉ?" አሉ ባለቤታቸው።

"ጊዜ የለንም አሉኝ" አሉ።  ከዚያ ትራሱን አስተካክለው፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ፕሮግራም ጸሐፊ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው። እያንዳንዱ ነገር የራሱን ጉዳይ ራሱ ሲይዝ ጥፋት አይዛመትም፤ የጋራው አንድ ቦታ ሲጻፍ የሚረሳ አይኖርም፤ ልዩ የሆነው በየቤቱ ሲቀመጥ አዲስ እንግዳ ሲመጣ የቆየው ቤት አይፈርስም። ከሁሉም በላይ፣ ሥራ በክፍል በክፍሉ ሲደራጅ ለሰው ይከፋፈላል፤ የተከፋፈለ ሥራ ደግሞ ሰውን ያሳርፋል። ሐኪሟም የምትችለውን አድርጋለች። የግራው ዳርቻ አልተመለሰም፤ መሐሉ ግን ተረፈ።

በአምስተኛው ሳምንት ጋሽ ምሰሶ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸው ቢሮ ገቡ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የደም መኪናዋን ገጽ አስከፈቱ። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ራሳቸው ያልጻፉትን ነገር ሲያነቡ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። መሐል ላይ አንድ ያልገባቸው ቦታ አገኙ።

"ና እስቲ አንተ" አሉ ዝምተኛውን። "ይቺ ቅዝቃዜ የምትለካዋ ነገር እንዴት አድርጋ ነው የምትሠራው?"

ዝምተኛው ትንሽ አመነታና፣ ብዙም የማይሰማውን ድምፁን አውጥቶ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ 'ውጪ' ይበሏት እንጂ እንዴት እንደምትወጣ የእሷ ጉዳይ ነው" አለ።

ለፍላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ምሰሶ ሰውየውን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቢሮው ውስጥ ሲስቁ የሰማቸው ሰው ካለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ ሐኪሟ ከፈቀደችው ገና ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ኮታቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንሥተው፣ ሃያውን ደቂቃ ለእነሱ ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።